በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት

የውሃው ቢል የመጣ ዕለት ሚጣ ደረጃውን ከመውጣቷ በፊት እዚያው ታች ቁጭ ብላ ከፈተችው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማው ወጥታ ከምትበሳጭ፣ እዚሁ ተበሳጭታ ብትጨርስ ይሻላል ብላ ነው። ላይ ቤት አባቷ አሉ። እሳቸው ጋ ፊትን አጥቁሮ መግባት አይቻልም፤ ምክንያቱን ሳያወጣጡ አይለቁም፣ ካወቁት ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ረስተውት እንደገና ከሥሩ ይጀምራሉ።

ቢሉ ያው ነው። ካለፈው ወር አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም።

ሚጣ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። በልጅነቷ ጸጉር ቤታቸው ውስጥ ጥግ ላይ እየተቀመጠች የወደቀውን ጸጉር ስትጠርግ ደንበኛው ሁሉ «ሚጣ» ማለቱን ለመደውና ሰፈሩ በሙሉ ተቀበለው። ዛሬ ሽበቷን በሻሽ እየሸፈነችም ሚጣ ናት። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ደም የነካው፣ መድኃኒት የፈሰሰበት፣ ላብ የጠጣ አንሶላ ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ ትጨምቃለች። የጣቶቿ ጫፍ ተሸብሽቦ ቀርቷል። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ውሃ ቀጠነ የሚል ዓይነት ሰው ነው፤ የተኛ ፎጣ ሲያይ ይጮኻል፣ የቆመ ሰው ሲያይ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ጋር ስትታገል ውላ፣ ቤቷ ገብታ ደግሞ ስለ ውሃ ማሰብ አንጀቷን ያሳርራት ነበር።

ግን አስባለች። ያላደረገችው ነገር የለም። የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አሸዋ የሞላ ጠርሙስ አስቀምጣ በለቀቁት ቁጥር የሚፈሰውን ቀንሳለች። የኩሽናውን ቧንቧ ጎማ ራሷ ፈትታ ቀይራ ጠብ ጠብ ማለቱን አስቁማለች። በአንድ ሳፋ ውሃ ገላዋን ታጥባ፣ እግሯን አለቅልቃ፣ የተረፈውን ወለል ወልውላበታለች። ሦስት ወር እንዲህ ኖረች። ሦስት ወር ሙሉ ያው ቢል መጣ።

ይህንን አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዋ ነገረቻት። ባልደረባዋ ከእሷ ጋር አንሶላ የምታጥፍ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ እያለች ጠየቀቻት።

«ቆይ፣ ቤታችሁ ቆጣሪ አለው?»

«የለውም። ሕንጻው በሙሉ የለውም። አሮጌ ነው።»

አጣፊዋ አንሶላውን ለቀቀችውና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሴት! ታዲያ በሳፋ የታጠብሽውን ማን አየልሽ? ቆጣሪ በሌለበት ቤት ብትጠጪውም ብትደፊውም ያው አይደለም እንዴ! እነሱ እኮ ቁርጥ አድርገው ነው የሚያስከፍሉሽ።»

ሚጣ መሬት የወደቀውን አንሶላ አነሳች። ተመልሶ መታጠብ አለበት። ሦስት ወር በቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ የታጠበችው ትዝ አላት።

«አመልክቺ» አለቻት አጣፊዋ፣ ሳቋን ጨርሳ። «ቆጣሪ ያስገቡልኝ በያቸው። ሁለት ሰው ምን ያህል ውሃ ይጨርሳል? ግማሹን ትከፍያለሽ።»

በሳምንቱ የዕረፍት ቀኗን ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰልፍ ሰጠች። ወረፋዋ ሲደርስ በመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?» አለቻት። «እናቴ» መባሏ ትንሽ ቆረቆራት፤ ልትከራከር ግን አቅም አልነበራትም። ማመልከቻዋን ሰጠች፣ ማኅተም ተመታላት፣ «ባለሙያ ይመጣል» ተባለች። መቼ እንደሚመጣ ስትጠይቅ «ሲመጣ» አለቻት ልጅቷ። ተሳልቃባት አይደለም፤ እሷም አታውቀውም።

የቧንቧ ባለሙያው የመጣው ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ በሥራው ኩራት ያለው ሰው ነበር። ኩሽና ገባ፣ ግድግዳውን በመፍቻው ጀርባ ኳ ኳ አደረገ። መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ኳ ኳ። ሽንት ቤት ገባ፣ ኳ ኳ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ውሃ ወደ ቤትሽ በአንድ በር አይገባም። በሦስት ነው የሚገባው። የኩሽናው ቧንቧ ከምድር ቤት ተነስቶ እስከ ስድስተኛ ፎቅ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ላንቺም ለላይኞቹም ከእሱ ነው። የመታጠቢያውም እንደዚያ፣ የሽንት ቤቱም እንደዚያ። አንዱ ላይ ቆጣሪ ብገጥምልሽ ላይ ያለው ሰውዬ ሲታጠብ አንቺ ትከፍያለሽ። ሕንጻውን የሠራው ሰው እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም።»

ይህንን እያለ ሳለ ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲንፏፏ ተሰማ። ሚጣ ሮጠች። አባቷ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን ከሚፈሰው ውሃ ሥር ዘርግተው ቆመዋል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እስኪሞቅ ነዋ። ደንበኛ እየጠበቀ አይደል? ቀዝቃዛ ውሃ ጢም ያቆማል።»

«እሺ፣ እኔ አሞቀዋለሁ። ይቀመጡ» አለችና ዘጋችው። ጸጉር ቤቱ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ስትመለስ ባለሙያው መፍቻውን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«እኔ ሳለሁ እዘጋዋለሁ።»

«ሳትኖሪስ?»

ሚጣ ወደ ቧንቧው ዞር ብላ አየች። ጎን ለጎን ያለችው ጎረቤቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «ቧንቧችሁ ጠዋት ሙሉ ሲያዜም ይውላል» ብላ ነግራት ነበር። ያኔ ሰምታ እንዳልሰማች ነው የሆነችው።

«ልንገርሽ፣ እህቴ» አለ ባለሙያው፤ «ቆጣሪ የማይገባልሽ መሆኑ እግዜር ሲያዝንልሽ ነው። እሳቸው እንዲህ እያፈሰሱት ቆጣሪ ብገጥምልሽ ያኔ ነበር ጉድሽ። ቁጥሩ እንደ ታክሲ ታሪፍ ይሮጥብሻል።»

ሚጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ያንን ሁሉ ሰልፍ የተሰለፈችው፣ ያንን ሁሉ ቀን የጠበቀችው ለመከራዋ ኖሯል። ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው ስትል፣ ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ የተጣለውን ቢል አንስቶ ዓይኑን አጥብቦ ያነብ ጀመር።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?»

«እኔና እሳቸው።»

«ታዲያ ይሄ አምስት ለምን ይላል?»

ጣቱን ከታች፣ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል የተጻፈ መስመር ላይ አደረገ። *በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፦ 5።*

ሚጣ ያንን መስመር በሕይወቷ አንብባው አታውቅም። ቢል ሲመጣ ሰው የሚያየው የሚከፈለውን ነው። እዚህ ቤት ሲገቡ አምስት ነበሩ፦ አባት፣ እናት፣ ሁለት ወንድሞቿና እሷ። ታላቁ ትዳር ይዞ ሌላ ከተማ ከሄደ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታናሹ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ ይደውል ነበር፤ አሁን በዓመት አንዴ የልደት ቀኗን በሳምንት አሳልፎ ይደውላል። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏታል። የአምስት ሰው ውሃ ግን ይህንን ሁሉ ዓመት ሳይጓደል ተከፍሏል።

«ይኸው መንገድሽ» አለ ባለሙያው። «ቆጣሪ የማይገባለት ቤት በሰው ብዛት ነው የሚተመነው። እኔ ‹ቆጣሪ ሊገጠም አይችልም› ብዬ እፈርምልሻለሁ። አንቺ የነዋሪ ማስተካከያ ቅጽ ሙዪ። መርማሪ መጥቶ ያያል፣ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ያስፈርማል፣ አለቀ።»

«ባለቤቱን?»

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

ሚጣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አየች። አባቷ ለማይታይ ሰው «አሁን መጣሁ፣ አሁን» እያሉ ነበር።

ቅጹን የሞላችው በዚያው ቀን ነው። ለታላቅ ወንድሟ ደውላ ስሙን ከመዝገብ ልታስወጣ መሆኑን ነገረችው።

«ከቤት አባረርሽኝ በይኛ!» ብሎ ሳቀ።

«አንተ ራስህ ከሄድክ ቆይተሃል።»

ሳቁን አቆመ። «አባባ እንዴት ናቸው?» አለ። «ደህና ናቸው» አለችው፤ ለእሱ ሁልጊዜ የምትሰጠው መልስ ይኸው ነው። እሱም ሁልጊዜ ይቀበለዋል።

ያስጨነቃት ፊርማው አልነበረም። አባቷ ፊርማቸውን አልረሱም፤ ወረቀት ካቀረቡላቸው እጃቸው ብቻውን ይፈርማል። ያስጨነቃት ጥያቄው ነው። የአባቷ ማስታወስ መሳሳት የጀመረው እናቷ በሞተች በዓመቱ ገደማ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ አንድ ጠዋት ግን ቁርስ ላይ ቀና ብለው «እናትሽ የት ሄደች?» አሏት። ሚጣ እውነቱን ነገረቻቸው። አባቷ እንደ አዲስ መርዶ ነው የሰሙት። ከወንበራቸው ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ «መቼ? እኔ የት ነበርኩ? ማን ቀበራት?» አሉ። በሳምንቱ ረሱትና እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና ተረዱ። አራት ጊዜ አረዳቻቸው። በአራተኛው፣ አባቷ እንደ ሕፃን ጋዋናቸውን ነክሰው ሲያለቅሱ አይታ፣ ከእንግዲህ ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም ብላ ለራሷ ማለች። ከዚያ ወዲህ በጠየቋት ቁጥር «እናቴ እህቷ ጋ ናት» ትላቸዋለች። አባቷም «እህቷን አትጠግባትም» ብለው ይስቃሉ፣ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

መርማሪው የመጣው ረቡዕ ጠዋት፣ ሚጣ ቤት በነበረችበት ቀን ነው። በሩን ስትከፍት በመጀመሪያ ያየችው ድካሙን ነው። ከሲታ ሰው፣ የቦርሳው ማንገቻ በሽቦ የተጠገነ፣ ጢሙ የሦስት ቀን። እጁን መቃኑ ላይ አሳርፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀችው።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለ። «ዛሬ ይሄ ዘጠነኛ ቤቴ ነው። አሳንሰር ያለው ግን አንድም አላጋጠመኝ።»

«ማን ነው?» አሉ አባቷ ከውስጥ።

«ቆጣሪ ነኝ፣ አባት። ከውሃ መሥሪያ ቤት።»

አባቷ ብቅ አሉ። ያን ዕለት ጠዋት ነቅተው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ጋዋናቸውን ቆልፈው ነበር። ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ቆጣሪ ሲገጠም ነው የማውቀው» አሉ፤ «በእግሩ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ።»

መርማሪው ሳቀ። ሚጣም ሳትፈልግ ሳቀች። አባቷ ግን ወደ ቁም ነገራቸው ገብተዋል፤ የሰውዬውን አገጭ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ቤት የምትዞረው? ይሄ ጢም ነው ወይስ ጫካ? ተቀመጥ!»

«አባባ፣ ሥራ ላይ ናቸው» አለች ሚጣ። መርማሪው ግን እጁን አነሳላት፤ «ይተዉት፣ እግሬም መቀመጥ ፈልጓል» የሚል ዓይነት ነው። የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባቷ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠቀለሉለት፣ የቧንቧውን ውሃ ከፈቱ፣ አሮጌዋን የሳሙና ኩባያ አመጡና በብሩሻቸው ይመቱት ጀመር። እጃቸው ያኔ አይንቀጠቀጥም። አረፋው ጉንጩ ላይ ሲወጣ መርማሪው ዓይኑን ከደነ። ምናልባት ከሰኞ ወዲህ ደልቶት የተቀመጠው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ሚጣ ሄዳ ቧንቧውን ዘጋች።

ሰውዬው ዓይኑን ሳይከፍት ቅጹን ከጉልበቱ ላይ ዳሰሰ።

«አባት፣ ለሥራው ያህል አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«አምስት» አሉ አባቷ፣ ብሩሹን ሳያቆሙ። «እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ጎረምሶችና ሚጣ።»

መርማሪው ዓይኑን ከፈተ። ሚጣ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ሁለት ጣቷን አሳየችው፣ ቀጥሎ እጆቿን አጣምራ ለመነችው። አባቷ ብሩሹን ሊያጥቡ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ መርማሪው በሹክሹክታ ተናገረ።

«ገብቶኛል። አልጋውንም ከኮሪደሩ አይቻለሁ፣ ሁለት ነው የተነጠፈው። ግን ፈራሚው እሳቸው ናቸው። አምስት ብለውኝ ሁለት ብዬ ብጽፍ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቃቸው እኔን ነው የሚያባርሩኝ። የኔም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። እስቲ ቀስ አድርገው ያስታውሷቸው። የሄደውን የሞተውን ይንገሯቸው።»

«የሞተውን መንገር አልችልም።»

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ ነው።»

«አንዴ አይደለም» አለች ሚጣ። «ለእሳቸው አንዴ ነው። ለኔ አምስተኛ ነው።»

መርማሪው አፉ ላይ አረፋ እንደያዘ ቅጹን ጉልበቱ ላይ መልሶ አስቀመጠ። አባቷ ተመልሰው መጡና አረፋውን መቀባት ቀጠሉ።  ሚጣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ውሃ ስትከፍል ኖራለች፣ እንደገና ስድስት ዓመት ብትከፍልስ? ደግሞ ወዲያው የማጠቢያ ክፍሉ እንፋሎት፣ የኃላፊው ጩኸት፣ ከደመወዟ ላይ በየወሩ የሚቆረጠው ሁሉ ባንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ተጫናት። «ሰውዬው ይሂድ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አባባ።»

«እ።»

«ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን አደረ?»

አባቷ ብሩሹን አቆሙ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የትናንት ነው፤ ለማሰብ ግን ጊዜ ወሰደባቸው።

«ትናንት? እኔ አደርኩ። አንቺ አደርሽ። ሾርባውን አቃጠልሽው።»

«እውነት ነው፣ አቃጠልኩት። ሌላስ?»

«ሌላ ማን አለ? ልጆቹ አልመጡም። እሷም አልመጣችም፣ እህቷ ጋ ናት።»

መርማሪው እንዳይረበሹ የፈራ ይመስል ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ጠየቀ። «ከትናንት ወዲያስ፣ አባት?»

«ያው እኔና ሚጣ ነን።»

«ባለፈው ወርስ?»

አባቷ ብሩሹን ዝቅ አደረጉ። ከብሩሹ አረፋ ጠብ ጠብ እያለ ጫማቸው ላይ ወረደ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ ውጭ ከተሰጣ ልብስ በቀር የሚታይ አልነበረም።

«ቆየን እኮ» አሉ። ድምፃቸው ቅድም ከሚቀልዱበት ድምፅ የተለየ ነበር። «ሁለት ሆነን ቆየን። ሌሊት ስነቃ አዳምጣለሁ፣ የሁለት ሰው ትንፋሽ ነው የምሰማው። የኔና የሷ።» በብሩሹ ወደ ሚጣ አመለከቱ። «እሷ እንዳይከፋት አልናገርም።»

ሚጣ ፎጣ ልታመጣ ነው ብላ ወጣች። ፎጣው ያለው ኩሽና ውስጥ መሆኑን ታውቃለች። ኮሪደሩ ላይ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች። እሷ ላትነግራቸው ስትምል፣ እሳቸው ደግሞ ምን ያህሉን ያውቁ ኖሯል? ወይስ ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው ያወቁት? አሁን ተመልሳ ብትጠይቃቸው ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል? አልቅሳ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ እንባ ግን አልመጣላትም። ለማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል።

ስትመለስ ቅጹ ላይ ተጽፏል፦ *2።* አባቷ ከሥሩ ፈርመዋል፣ ያ ድሮ ደረሰኝ ላይ የሚያሰፍሩት ጅራቱ ረጅም ፊርማቸው። አሁን ደግሞ መሳቢያውን እየከፈቱ እየዘጉ ነው።

«ምላጬን ማን ወሰደው? ሚጣ! ምላጬ የታል?»

ምላጩን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጣታቸውን የቆረጡ ጊዜ ወስዳ ሥራ ቦታ ቆልፋበታለች። ምን ብላ እንደምትመልስ ስታስብ መርማሪው ከወንበሩ ተነሳ።

«አባት፣ ይተዉት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጢሜን ላሳድግ አስቤ ነው። ለስለስ እንዲል ሳሙናው ይበቃዋል።»

አባቷ በንቀት አዩት። «ላሳድግ? በዚህ አገጭ?»

«ሚስቴም እንዲሁ ነው ያለችው» አለ መርማሪው፣ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ።

በር ላይ ሚጣ ምን ብላ እንደምታመሰግነው ጠፋት። «ጆሮዎ ላይ አረፋ አለ» አለችው። ጠረገው።

«በዓመቱ ተመልሼ እመጣለሁ» አለ። «ማረጋገጫ ነው፣ ደንብ ነው።»

«ያኔም ያደረ ሰው ይጠይቋቸው።»

«እሱን እጠይቃለሁ» አለና ደረጃውን ይወርድ ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሌላ ሰው በር ሲያንኳኳ ሰማችው።

ምሳ ላይ አባቷ እናቷ መቼ እንደምትመለስ ጠየቋት። «ትመጣለች» አለቻቸው። ፊታቸውን አተኩራ አየች፤ ከረሃብ በቀር ምንም አልነበረበትም።

ደብዳቤው ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ። ሚጣ ሥራ ቦታ ይዛው ሄዳ ለአጣፊዋ አስነበበቻት። ከዚያ ወር ጀምሮ የሚከፈለው ከግማሽ በታች ይሆናል ይላል። ያለፈው ጊዜ ክፍያ ግን «ተመላሽ አይደረግም»። አጣፊዋ እዚያ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ቀላ።

«የሞተ ሰው ውሃ ሲያስከፍሉሽ ኖረው! ክሰሻቸው!»

«የማንን ጉልበት ይዤ?» አለች ሚጣ። «እንኳን አነሰ።»

አጣፊዋ ሌላ ብዙ ተናገረች። ሚጣ የምታስበው ሌላ ነበር። ከውሃው የተረፈው ገንዘብ በሳምንት የአንድ ሰው ሁለት ጠዋት ይገዛል። በዚያው ቀን ማታ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ ቁጥብ፣ ከመርፌዋ ቀና የማትል ሴት ናት። በሳምንት ሁለት ጠዋት መርፌዋን ይዛ እነሚጣ ቤት ብትቀመጥ፣ አባቷ ጋ፣ ብላ ጠየቀቻት።

«ቧንቧ መዝጋት ነው ሥራዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሱም አለበት።»

«ብዙ ካወሩኝ አልችልም።»

«ጸጉርሽን ሊያዩልሽ ይፈልጉ ይሆናል እንጂ ብዙ አያወሩም።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ከፍ አደረገችና ትንሽ አሰበች። «ጫፉን መከርከም ያስፈልገዋል» አለች። «ግን መቀስ አይሰጣቸውም አይደል?»

«አይሰጣቸውም።»

እንዲህ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጠዋት ሚጣ ሱቅ ልትሄድ ነበር ያሰበችው። ጫማዋ ተከፍቷል፣ የአባቷ ካልሲ አልቋል፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን የሌላውን አቅጣጫ ተሳፈረችና ከከተማው ዳር፣ መቃብሩ በር ላይ ወረደች። ለሥራ ካልሆነ በቀር አባቷን ብቻቸውን ትቶ እስከዚህ ድረስ መምጣት ስለማይቻል ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። የእናቷን መቃብር ለማግኘት ሁለቴ ተሳሳተች። አረሙ ጉልበት ደርሷል። ትንሽ ነቀለች፣ ሥሩ ጠንካራ ነው፣ እጇን ላጠው፤ ተወችው። አጠገቡ ካለች የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስለ ቅጹ፣ ስለ መርማሪው፣ አባቷ ስላሉት ነገር ለእናቷ ልትነግራት ነበር የመጣችው፤ ከየት እንደምትጀምር ስታስብ ፀሐይዋ ትከሻዋን ሞቅ አደረገቻት።

ሰው ትከሻዋን ነካት። የመቃብር ጠባቂው ነው፣ ባልዲ ይዟል።

«እህት፣ ደህና ነሽ? ለምሳ ልንዘጋ ነው።»

ሚጣ ሻሿን አስተካከለች። አንገቷ ደርቋል። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስድስት ሊሆን ነው። ከመጣሽ ጀምሮ ተኝተሻል፤ አሳዝነሽኝ አልቀሰቀስኩሽም።»

ልብስ ሰፊዋ እስከ ስድስት ተኩል ብላ ነበር። ሚጣ ቀሚሷን አራገፈችና ለጠባቂው አመሰግናለሁ ብላ ወደ በሩ ፈጠን ፈጠን አለች። አውቶቡሱ ላይ መቀመጫ አገኘች፤ እስከ ቤቷ አልተኛችም።